«አንብቤ ነው ያጸደቅኩት» ለማለት አፈርኩ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ የትዳርም የቤተሰብም ስላልሆነ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ግን እንቅልፍ እየነሳኝ ነው።

የምሠራው በፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት ነው። በየሳምንቱ አርብ ለባለድርሻ አካላት ሪፖርት እልካለሁ፤ ለደንበኛው፣ ገንዘቡን ለሚያወጣው ወገን፣ ለራሳችን አመራር፣ ለአቅራቢዎች። ለእያንዳንዳቸው የሚጻፈው ይለያያል። ድሮ ሐሙስ ከሰዓት በሙሉ በዚሁ ያልቅ ነበር። ቡድኑን አንድ በአንድ እየደወልኩ እጠይቃለሁ፣ ቃለ ጉባኤ አገላብጣለሁ፣ ያልጨረስኩትን ማታ ቤቴ ወስጄ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኤጀንት፣ ማለትም በራሱ አንብቦ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ሥራ ላይ አዋልን። የሥራ ሰሌዳችንን፣ የስብሰባ ማስታወሻዎችን፣ የቡድኑን ኢሜይልና የውስጥ መልእክት ያነብና ለየባለድርሻው ረቂቅ ያዘጋጃል። እኔ አይቼ «አጽድቅ» የሚለውን ስጫን ይላካል።

መጀመሪያ ላይ ቃል በቃል ነበር የማነበው፤ ብዙም አርሜያለሁ። እያደር ግን የሚታረም አጣሁ። አጻጻፉ ከእኔ ይሻላል። ደንበኛው ራሱ «ሪፖርቶችሽ እንዴት ጥርት ብለዋል!» ብሎ አመስግኖኛል፤ አመስግኜ ዝም አልኩ። አሁን እውነቱን ልንገርዎት፦ ርዕሱን አያለሁ፣ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ እጫናለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኤጀንቱ ለደንበኛው «የክፍያ ሥርዓቱን የማገናኘት ሥራ ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ። አጸደቅኩ። ባለሙያችን ሰሌዳው ላይ የጻፈው ግን «በእኔ በኩል ጨርሻለሁ፤ አቅራቢው የመሞከሪያ ፈቃዱን ካልላከ ግን መሞከር አይቻልም» የሚል ነበር። ደንበኛው ሪፖርቱን አምኖ አገልግሎቱ የሚጀመርበትን ቀን ለአለቆቹ አሳወቀ። ነገሩ ሲገለጥ ደወለልኝና «የጻፍሽልኝ እኮ አንቺ ነሽ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ «የመረጃ ክፍተት ነበር» አልኩት። ኤጀንት እንደጻፈው አልነገርኩትም።

አሁን ደግሞ ኃላፊዬ «የምታርሚው ነገር ከሌለ ማጽደቁን እናንሳውና በቀጥታ ይላክ» ይላል። የማጽደቂያ መዝገቡን አይቶ ነው። ለወራት አንድ ቃል ሳልነካ አሳልፌያለሁ። አይሆንም ልለው እፈልጋለሁ፤ ግን የሰው ዓይን ያስፈልጋል ብለው «ያንቺ ዓይን እስካሁን ምን አደረገ?» ቢለኝ መልስ የለኝም። በዚያ ላይ አንዷ ባልደረባዬ በቀደም «ድሮ ትደውይልን ነበር፤ አሁን የምትሰሚን በማሽን ነው» አለችኝ። ለቀልድ ነው ብትልም ተሰምቶኛል። ወደ ድሮው ልመለስ? ወይስ ኃላፊዬ እንዳለው ልተወው? ደንበኛውስ ማወቅ አለበት?

ስሜ ይቆየኝ

——

ውድ እህቴ፣

እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ሁሉ እዚህ ቦታ አለው፤ በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል። በኀፍረቱ ልጀምር። እሱ ካልቀለለሽ ከኃላፊሽ ጋር ቀና ብለሽ መነጋገር አትችዪም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል አንድ ነገር ያስቸግረው ነበር። የራዳር ስክሪን ላይ ሰርጓጅ መርከብ እንዲፈልጉ የተመደቡ ወታደሮች ምልክቱ ፊት ለፊታቸው እያለ ያልፋቸዋል። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ለማጥናት ቁጥር የሌለው የሰዓት ፊት የመሰለ መሣሪያ ሠራ። ቆጣሪው አንድ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ አልፎ አልፎ ግን ሳይታሰብ ሁለቱን በአንዴ ይዘላል። የተመልካቹ ሥራ ዝላዩን ባየ ቁጥር ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ፤ ገና ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው ዝላይ ጨምሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሁልጊዜ ትክክል የሆነን ነገር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለሰው ልጅ አእምሮ የማይመች ሥራ ሆኖባቸው ነው። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለችው ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1983 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ጽፋለች። ሥራውን ለማሽን እንሰጥና ለሰው የምናስቀርለት ማሽኑን መጠበቅን ነው፤ ይህ ደግሞ ሰው የማይሆንለት ነገር ነው። ሥራውን መሥራት ስላቆመም ችግር ሲመጣ የሚያስፈልገው እውቀት ከእጁ ይወጣል።

እንግዲህ አንቺን ያስቀመጡሽ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ወር በወር የሚታረም ነገር ያጣ ዓይን ማየት ቢያቆም አይገርመኝም። ጥፋት የለብሽም ለማለት አይደለም፤ ከደንበኛው ጋር የተነጋገርሽው አንድ ነገር ይጎረብጠኛል፤ እመጣበታለሁ። ግን ራስሽን «ሰነፍ ሆኛለሁ» እያልሽ የምትቀጪ ከሆነ እሱን ተዪው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ሳትቸኩዪ አስቢበት። ያን የክፍያ ሥርዓት ሪፖርት እንደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃል በቃል ብታነቢው ኖሮ ስህተቱን ታገኚው ነበር?

እኔ አይመስለኝም። ዓረፍተ ነገሩ ንጹሕ ነው፤ ሰዋስው አልተበላሸ፣ ቁጥር አልተዛባ፣ ስም አልተሳሳተ። ስህተቱ ያለው ረቂቁ ውስጥ ሳይሆን ከረቂቁ ውጪ በቀረው «ካልላከ ግን» ላይ ነው። የቀረ ነገር ደግሞ የቱንም ያህል አተኩረሽ ብታነቢ ከገጹ ላይ አይገኝም። ስለዚህ «ከእንግዲህ በደንብ አነባለሁ» ብለሽ ለራስሽ ቃል ብትገቢ፣ ለኃላፊሽም ይህንኑ ብትነግሪው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ትገኛላችሁ። ብዙ ሰው የሰው ቁጥጥር ሲባል የሚመጣለት ረቂቅ ማንበብ ነው፤ እኔ ግን ዋጋ ያለው ቁጥጥር የተጻፈውን ከሆነው ጋር ማስተያየት ይመስለኛል። ለዚያ ደግሞ የሆነውን ከረቂቁ ውጪ ማወቅ ያስፈልግሻል።

ኤጀንቱ ለምን እንዲህ እንዳደረገ መገመት አያስቸግርም። ባለሙያው በሰሌዳው ላይ የሥራውን ካርድ ወደ «አልቋል» ዓምድ ሳያዛውረው አልቀረም፤ ማስታወሻው ረጅም ነበር፤ ኤጀንቱ ደግሞ እንዲያሳጥር ታዟል። ሲያጥር መጀመሪያ የሚወድቁት «ግን»፣ «ከሆነ»፣ «እስኪ» የሚሉት ናቸው። ኤጀንቱ ያረጋገጠውንም የገመተውንም በአንድ ዓይነት የተረጋጋ ድምፅ ስለሚጽፍ ከቃናው ልትለዪው አትችዪም። ሰው ሲጠራጠር እጁ ይታወቃል፤ «ይመስለኛል» ይላል፣ ነገሩን ያድበሰብሳል፣ ይዘገያል። የዚህ ረቂቅ ግን ሁሌም በሰዓቱ ነው፣ ሁሌም ጥርት ያለ ነው። ደንበኛሽ ያመሰገነሽም በዚሁ ነው። ለመሆኑ ለኤጀንቱ የተሰጠው መመሪያ ምን ይላል? «ለደንበኛው የሚጻፈው አጭርና አዎንታዊ ይሁን» የሚል መስመር ካለበት ማን ጻፈው? ክፍቺና እይው። ምናልባት ስህተቱ የተጀመረው እዚያ ነው።

በርግጥ ይህ የማሽን ብቻ አመል አይደለም። በፕሮጀክት ሰዎች ዘንድ ከውጭ አረንጓዴ (ደህና)፣ ሲቆርጡት ቀይ (ችግር ላይ) የሆነ ፕሮጀክት «ሐብሐብ» የሚባለው ኤአይ ከመምጣቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምተው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የአንደኛው ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነው። ከታች፣ በትንንሽ ፊደል ከተደረደሩት መስመሮች መጨረሻ ላይ ግን የተመታችበት ቁራጭ መጠን 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን በሙከራ የተፈተሸው 3 ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ከ600 እጥፍ በላይ ማለት ነው። መረጃው ነበረ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ለሰለሰ። መንኮራኩሯ የካቲት 1 ቀን ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። አደጋውን ያጣራው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ያንን ስላይድ ለይቶ ተችቷል። ያንቺን ሥራ ከዚያ ጋር ላስተካክል ብዬ አይደለም ያነሳሁት። አንድ «ግን» ሲጠፋ የላይኛው ሰው ቀን እንደሚቆርጥ አንቺም አይተሻል።

ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ? ወደ ድሮው ተመለሺ አልልሽም። ሐሙስ ማታ ቤትሽ የቤትሽ ነው። ድካም የተጫነው ሰው የሚጽፈውም ሪፖርት ከስህተት አይጸዳም። ኤጀንቱ ይቆይ። እኔ እንዲቀየር የምፈልገው አንቺ ወደ ረቂቁ የምትገቢበት በር ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሪ፦ ረቂቁን ሳትከፍቺ ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፊ። «ደንበኛው አሁን ደውሎ እንዴት ነው ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ምን ያሰጋኛል? ካለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ?» ከዚያ ረቂቁን ክፈቺና ከወረቀትሽ ጋር አስተያዪ። የማይገጥም ነገር ካለ ሥራሽ እዚያ ላይ ነው። ረቂቁ ቀድሞ ከተነበበ ግን ሐሳብሽ የእሱን ቅርጽ ይይዛል፤ የጎደለው አይታይሽም። ምናልባት አንዳንድ ሳምንት ወረቀቱ ፊት ቁጭ ብለሽ የምትጽፊው ታጫለሽ። አትደንግጪ። ከቡድኑ ምን ያህል እንደራቅሽ ለራስሽ የሚነግርሽ እሱ ነው። ያኔ ስልክ አንሺና ለሁለት ሰው ደውዪ፤ ሁሉንም ማዳረስ የለብሽም፣ የዚያን ሳምንት ሥራ አንቆ የያዘውን ሰው ብቻ። ባልደረባሽ በቀልድ ያለችሽም መልስ የሚያገኘው በዚህ ይመስለኛል። እሷ የናፈቃት ሪፖርቱ ሊሆን አይችልም። «እንዴት ነው፣ የት ደረሰ፣ ምን አስቸገረሽ?» የሚላት ሰው ነው። ሰው ሰሌዳ ላይ የማይጽፈውን በስልክ ይናገራል፤ «አልቋል ብያለሁ፣ ግን ልቤ አልጣለውም» የሚል ካርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሁለተኛው የኤጀንቱን አሠራር የሚነካ ስለሆነ ያዘጋጀላችሁን ባለሙያ አነጋግሪ። እያንዳንዱ «ተጠናቋል»፣ እያንዳንዱ ቀን፣ እያንዳንዱ የገንዘብ አኃዝ የመጣበትን ቦታ ይዞ ይቅረብ። ሊንክ ብቻ አይበቃም፤ ሊንኩ ትክክል ሆኖ አባባሉ ሊጋነን ይችላል። የመጀመሪያው ሰው የጻፈው ቃል እንዳለ ከጎኑ ይቀመጥ። «ተጠናቋል» ከሚለው አጠገብ «አቅራቢው ካልላከ ግን መሞከር አይቻልም» የሚለው ቢቀመጥ ኖሮ በሰከንድ ታይው ነበር። ከሥር ደግሞ ላንቺ ብቻ የሚታይ አንድ ክፍል ይኑር፦ ከምንጩ አንብቦ ረቂቁ ላይ ያልጨመራቸው፣ ቅድመ ሁኔታ ወይም ሥጋት ያለባቸው ነገሮች ዝርዝር። ያንን ዝርዝርም የሚያወጣው ያው ኤጀንት ስለሆነ ሙሉ ነው ብለሽ አትመኚው፤ ለዚህ ነው ወረቀቱን ያስቀደምኩት። ቡድኑም «አልቋል» የሚባለው ከሠራው ሰው ሌላ አንድ ሰው ሲሞክረው ነው ብሎ ይስማማ። ይህ ከኤአይ በፊትም መኖር የነበረበት ነው።

ሌላም አለ፣ ትንሽ ተንኮል ቢመስልም። በኤርፖርት የሻንጣ መፈተሻ ማሽን ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ትኩረታቸው እንዳይፈዝ ስክሪናቸው ላይ አልፎ አልፎ ሐሰተኛ የጦር መሣሪያ ምስል ይለቀቅባቸዋል፤ ካገኙት ማሽኑ «ለፈተና ነበር» ይላቸዋል። አንዲት የምታምኛት ባልደረባ አልፎ አልፎ ረቂቁ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ነገር እንድትደብቅ፣ አንቺ ካጸደቅሽውም ከመላኩ በፊት እንድታስቆመው ተስማሙ። ማስቆሚያው አስተማማኝ ካልሆነ ግን አትጀምሩት፤ ስህተት ተክላችሁ ደንበኛው ዘንድ ብትልኩት ማን ያምናችኋል?

የኃላፊሽን ነገር እንየው። «ያንቺ ዓይን ምን አደረገ?» ይለኛል ብለሽ የፈራሽው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም እጁ ላይ ባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ያ የተሳሳተ ሪፖርት መዝገቡ ላይ እንዴት ተመዝግቧል? «ያለ ለውጥ ጸድቋል» ተብሎ፤ ልክ እንደ ትክክለኞቹ። ስለዚህ መዝገቡ ጥሩ ረቂቅንና ያልተነበበ ረቂቅን አይለይም። እሱ «ስህተት የለም» ብሎ ያነበበው ቁጥር «ማንም አላየም» ማለትም ሊሆን ይችላል። ይህን ስትነግሪው ራስሽንም እየነገርሽ ነው፤ ግን አንቺ ቀድመሽ ስትናገሪው ኑዛዜ መሆኑ ይቀርና የሥራ ግኝት ይሆናል።

ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ያለፉትን ጥቂት ሳምንታት ሪፖርቶች አውጪና «ተጠናቋል» የሚሉትን፣ ቀን የያዙትንና ገንዘብ የጠቀሱትን ብቻ ከምንጫቸው ጋር አስተያዪ። ምን ያህሉ ይገጥማል? ስንቱ ላይ «ግን» ወድቋል? ምንም ካላገኘሽ ኃላፊሽ ካሰብሽው በላይ ልክ ነው ማለት ነው፤ ይህንንም ሳትደብቂ ንገሪው። ካገኘሽ ግን ስሜትሽን ይዘሽ ሳይሆን ቁጥር ይዘሽ ትገቢያለሽ። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦

«ማጽደቁን ስለማንሳት ያልከኝን አሰብኩበት። ሐቁን ልንገርህ፣ ባለፉት ወራት በደንብ እያየሁ አልነበረም፤ የክፍያ ሥርዓቱ ሪፖርትም ያለፈው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የኋላ ሪፖርቶችን ፈተሽኩ፤ ያገኘሁት ይኸው። የምናየው ነገር ስለበዛ ነው ማየት ያቆምነው። አደጋ የሌለበትን በቀጥታ እንልቀቀው፣ አደጋ ያለበትን ደግሞ በአዲስ መንገድ ልየው። አንድ ወር ስጠኝና ውጤቱን አብረን እንመልከት።»

አደጋ የሌለበት ያልኩት የትኛውን ነው? የስብሰባ ቀን ማስታወሻ፣ የሰነድ ሊንክ፣ ለራሳችሁ ቡድን የሚላክ የሥራ ዝርዝር የመሳሰለው። ይህ ያለ ማንም ዓይን ቢሄድ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ኃላፊሽም የጠየቀውን በከፊል ያገኛል። ቀን ሲገፋ፣ ገንዘብ ሲነሳ፣ የፕሮጀክቱ ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ሲዞር፣ የሰው ወይም የድርጅት ስም ከጥፋት ጋር ሲጠቀስ ግን የሰው እጅ ያስፈልጋል።

ክፉ ዜና ለብቻው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተኩስ ተከፍቶ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አንድ ቢሮ ለተማሪዎቹ የማጽናኛ ኢሜይል ላከ። ስለ መተሳሰብና አብሮ ስለመቆም የሚናገር፣ ቃሉ የማይነቀፍ ደብዳቤ ነበር። ከግርጌው ግን ጽሑፍ ከሚጽፈው የኤአይ ፕሮግራም ከቻትጂፒቲ የተወሰደ መሆኑን የሚገልጽ መስመር ነበረበት። ተማሪዎቹ በጣም ተቆጡ፤ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ። በእኔ እይታ ሰዎቹን ያስቆጣቸው ይህ ሰዓት ሰው ቁጭ ብሎ ያሰበበት አለመሆኑ ነው። ያንቺ መዘግየት ከሞት ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ደንበኛሽ አለቆቹ ፊት የሚያሳፍረው ዜና ሲኖር መጀመሪያ በስልክ፣ ባንቺ ድምፅ ይስማው፤ ጽሑፉ በኋላ ይደርሳል።

ኃላፊሽ አሁንም ከተጠራጠረ ሁለት ነገር ጨምሪለት። አንደኛው የተጠያቂነት ነው። ኤር ካናዳ ድረ ገጹ ላይ የነበረው ቻትቦት (ለደንበኞች በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም) ለሐዘን ስለሚጓዙ ሰዎች ቅናሽ ለአንድ ተሳፋሪ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ነበር። ጉዳዩን ያየው በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አየር መንገዱን ኃላፊ አደረገው፤ ቻትቦቱ ራሱን የቻለ ተጠያቂ አካል ነው ወደሚል የሚያዘነብለውን መከራከሪያ አልተቀበለም። «ማሽኑ ነው የላከው» ማለት እናንተንም አያድንም። ሁለተኛው የምስጢር ነው። ኤጀንታችሁ የውስጥ መልእክታችሁን ያነባል፣ ከውጭ የሚመጣ ኢሜይል ያነባል፣ ወደ ውጭም ይልካል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ያሰጋሉ። ስለ አቅራቢው ዋጋ እርስ በርስ ያወራችሁት ለአቅራቢው በሚላክ ሪፖርት ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል፤ ክፉ ያሰበ ሰውም ለኤጀንቱ ትእዛዝ የሚመስል ነገር ኢሜይል ውስጥ ጽፎ ሊልክና ኤጀንቱ ሊታለል ይችላል። ያንቺ «አጽድቅ» በዚህ መንገድ ላይ የቀረው የመጨረሻ በር ነው። የሚነሳ ከሆነ ከሦስቱ አንዱን መዝጋት ይኖርባቸዋል፤ ይህን የደኅንነት ባለሙያችሁ በደንብ ያስረዳዋል።

ከደንበኛው ጋር የጎረበጠኝ ነገር አለ ብዬሽ ነበር። «የመረጃ ክፍተት ነበር» ያልሽው ሐሰት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። አንቺም ስለምታውቂው ነው ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው። እሱ «የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ» ሲልሽ ቅሬታው ሪፖርቱ ላይ ብቻ አይመስለኝም፤ አንቺ ላይ ጥሎት የነበረው እምነት ነው። ታዲያ ማወቅ አለበት ወይ? አዎ፣ አለበት። በዚህ ላይ ብዙ አላመነታሁም። አንድ ቀን ከሌላ ሰው ቢሰማው ያለፉትን ሪፖርቶች በሙሉ ይጠራጠራል፤ ካንቺ ቢሰማው አንዱን ብቻ ነው የሚጠራጠረው። በዚያ ላይ የእሱ መረጃ በኤጀንቱ ውስጥ ያልፋል፤ ውላችሁ ይህን ይፈቅድ እንደሆነም ማየት አለባችሁ።

ግን ብቻሽን ሮጠሽ አትንገሪው። ግንኙነቱ የድርጅቱም ስለሆነ ኃላፊሽ መጀመሪያ ይወቅ። ከዚያ በአካል ወይም በስልክ፣ አጠር አድርገሽ፦ «የሳምንቱን ሪፖርት ረቂቅ የሚያዘጋጅልን ኤአይ ነው፤ አይቼ የምልከው እኔ ነኝ። ባለፈው የተሳሳተው ሪፖርት በእኔ እይታ ያለፈ ነው፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ተጠናቀቀ የምንልህን ሁሉ ከባለሙያው ቃል ጋር አስተያይተን ነው የምንልክልህ፤ ችግር ሲኖር ደግሞ እኔ ራሴ እደውልልሃለሁ።» ረጅም ማብራሪያ አትጨምሪ፤ ስለ ኤጀንቱ አሠራር ካልጠየቀሽ አትንገሪው። ምናልባት ይቆጣል። ምናልባት «እኛም እንደዚያው ነን» ብሎ ይስቃል፤ ይህም ቢሆን አይገርመኝም። ከዚያ በኋላ በየሪፖርቱ ግርጌ አንድ መስመር ይበቃል፦ በኤአይ እገዛ እንደተዘጋጀ፣ ማን እንዳረጋገጠው። ስምሽ እዚያ ሲሰፍር ደግሞ ዓይንሽ እንደሚነቃ ታያለሽ።

ቅደም ተከተሉ ከጠፋሽ፣ በዚህ ሳምንት የኋላ ሪፖርቶቹን ፈትሺና ለዚያች ባልደረባሽ ደውዪላት፤ ስለ ሪፖርት ሳይሆን ስለ ሥራዋ። ቀጥሎ ኃላፊሽን አነጋግሪ፤ ደንበኛውን በመጨረሻ። አርብ ሲመጣ ወረቀቱን አስቀድሚ። ኃላፊሽ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ በተለይ እምቢ ካለ።